የስትሪሚንግ ቦክስ ሪሞት፦ የትኛው ቁልፍ ከማን ጋር ነው የሚያወራው?

እናቴ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ደወለች። «ልጄ፣ ይሄ ሪሞት ግራ አጋባኝ። ድምፅ ሲሉት ይጨምራል፣ ይቀንሳል፤ ሌላው ቁልፍ ግን በድን ነው።» ድንጋዩን ቀይራለች፣ በመዳፏ መታ መታ አድርጋዋለች፣ ቲቪው ሥር ድረስ ሄዳም ሞክራለች። «አዲስ ልግዛ እንዴ?» ስትለኝ «ቆይ እማዬ፣ ድምፅ ከጨመረማ ድንጋዩ ደህና ነው» አልኳት። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ተስተካከለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የስትሪሚንግ ቦክስ (ቲቪው ላይ ተሰክቶ ፊልም ከኢንተርኔት የሚያመጣው፣ እንደ ፋየር ቲቪ፣ ሮኩና አፕል ቲቪ ያለ መሣሪያ) ሪሞት አብዛኛውን ጊዜ አንድ አካል ውስጥ ያሉ ሁለት ሪሞቶች ናቸው። አንደኛው የሚያወራው ከቴሌቪዥኑ ጋር ነው፣ ሌላኛው ከቦክሱ ጋር። መንገዳቸውም የተለያየ ስለሆነ አንዱ ሲቋረጥ ሌላው መሥራቱን ይቀጥላል። ይህን የለየ ሰው ሪሞት ሲያስቸግረው መደብደቡን ትቶ የቱ ጋ እንደተቋረጠ በቀጥታ ያገኘዋል። ስለዚህ ከቁልፎቹ ዝርዝር በፊት ከዚህ እንጀምር።

መጀመሪያ ሪሞታችሁን ፈትኑት

የመጀመሪያው መንገድ ኢንፍራሬድ ነው፤ ዓይን የማያየው ብርሃን። በሪሞቱ አፍንጫ ላይ ያለችው ትንሽ አምፖል በሰከንድ ወደ 38 ሺህ ጊዜ ያህል እየተርገበገበች መልእክቱን ትልካለች። ብርሃን ስለሆነ ግድግዳ፣ ትራስ፣ የቁም ሣጥን በር ያግደዋል። ተቀባዩ ሪሞቱን ፊት ለፊት ማየት አለበት። ሁለተኛው መንገድ ሬዲዮ ነው፤ በአብዛኞቹ ብሉቱዝ፣ በአንዳንዶቹ ደግሞ ዋይፋይ። ሬዲዮ ማነጣጠር አይፈልግም፤ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆናችሁ ብትጫኑትም ይሠራል።

የእናንተ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ መመሪያ መጽሐፍ አያስፈልግም። እንዲህ አድርጉ፦

1. ቲቪውንና ቦክሱን አብሩ። የሪሞቱን አፍንጫ በሌላ እጃችሁ መዳፍ ጥርቅም አድርጋችሁ ሸፍኑ።
2. የቀስት ቁልፎቹን ተጫኑ። ስክሪኑ ላይ ምርጫው ከተንቀሳቀሰ ከቦክሱ ጋር የሚገናኘው በሬዲዮ ነው። ካልተንቀሳቀሰ፣ መዳፋችሁን ስታነሱ ደግሞ ከሠራ፣ በኢንፍራሬድ ነው።
3. እንደገና ሸፍኑና የድምፅ ቁልፉን ተጫኑ። ድምፁ ካልተቀየረ ያ ቁልፍ የሚናገረው በኢንፍራሬድ ለቲቪው ነው። ከተቀየረ ደግሞ ትእዛዙ ወደ ቦክሱ ሄዶ ቦክሱን ከቲቪው በሚያገናኘው የኤችዲኤምአይ ኬብል በኩል ለቲቪው ደርሷል ማለት ነው።

አንድ ተጨማሪ ምርመራ አለ፤ ለልጆች ብታሳዩአቸው ይወዱታል። የስልካችሁን ካሜራ ክፈቱ፣ የሪሞቱን አፍንጫ ወደ ሌንሱ አዙሩና የድምፅ ቁልፉን ተጭናችሁ ያዙ። ኢንፍራሬድ እየወጣ ከሆነ ስልኩ ላይ ነጣ ወይም ሐምራዊ ያለ ብርሃን ብልጭ ብልጭ ሲል ታያላችሁ። የኋላ ካሜራዎች ብዙዎቹ ማጣሪያ ስላላቸው ላያሳዩ ይችላሉ፤ የሰልፊውን ሞክሩ። የአፕል ቲቪም ሆነ የሌሎቹ ሪሞት በድምፅ ቁልፉ ብርሃን ካላሳየ ተበላሸ ብላችሁ አትቸኩሉ፤ ድምፁ በኬብሉ በኩል እንዲሄድ ተስተካክሎ ሊሆን ይችላል።

በጥቅሉ የፋየር ቲቪ፣ የአፕል ቲቪና የጉግል ቲቪ መሣሪያዎች ሪሞት ከቦክሱ ጋር በብሉቱዝ ነው የሚገናኘው። ሮኩ ሁለት ዓይነት አለው፦ ማይክ የሌለው ተራው ሪሞት በኢንፍራሬድ፣ በድምፅ የሚታዘዘው ደግሞ በዋይፋይ። ሮኩ ኤክስፕረስ ከነማጣበቂያው የሚመጣው ለዚህ ነው፤ ቲቪው ጀርባ ከተደበቀ ተራው ሪሞት አያገኘውም፣ ከስክሪኑ ሥር ፊት ለፊት መለጠፍ አለበት።

በብርሃን ማዘዝ ጣጣው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1955 የዜኒት ኩባንያ መሐንዲስ ዩጂን ፖሊ የሠራው ፍላሽማቲክ የተባለ ገመድ አልባ ሪሞት እንደ እጅ ባትሪ ብርሃን ወደ ቲቪው ማዕዘኖች የሚተኩስ ነበር፤ ችግሩ ፀሐይ ስክሪኑ ላይ ስታርፍ ቻናሉን ትቀይረው ነበር። በዓመቱ ሮበርት አድለር ብርሃኑን ትቶ ጆሮ በማይሰማው ድምፅ ተካው፤ ቁልፉ ሲጫን ትንሽ መዶሻ የአሉሚኒየም ዘንግ ትመታለች፣ ሪሞቱም ድንጋይ አይፈልግም ነበር።

ማጣመር

በሬዲዮ የሚሠራ ሪሞት ከአንድ ቦክስ ጋር መተዋወቅ አለበት፤ ማጣመር፣ በአፍ ልማድ ፔር ማድረግ የምንለው። ከካርቶኑ የወጣ ሪሞት ብዙውን ጊዜ ራሱ ይጣመራል። ካልተጣመረ ወይም እንደ እናቴ ሪሞት መሀል ላይ ግንኙነቱ ከተቋረጠ በእጅ ማድረግ ይቻላል። ቤት ውስጥ ከአንድ በላይ ቦክስ ካለ የሌሎቹን መጀመሪያ ከኃይል ንቀሉ፤ አለበለዚያ ሳሎን ተቀምጣችሁ የመኝታ ቤቱን ቦክስ ስታዙ ልታመሹ ትችላላችሁ።

ለፋየር ቲቪ የቤት ምልክት ያለውን የሆም ቁልፍ 10 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ ነው። ለጉግል ቲቪ ሆምንና «ተመለስ»ን (ወደኋላ የሚመልሰውን የባክ ቁልፍ) አንድ ላይ፣ የሪሞቱ መብራት ብልጭ እስኪል ድረስ። ለአፕል ቲቪ ሪሞቱን ወደ ቦክሱ በጣም አስጠግቶ ተመለስንና ድምፅ መጨመሪያን አንድ ላይ 5 ሰከንድ። በድንጋይ የሚሠራው፣ በድምፅ የሚታዘዘው የሮኩ ሪሞት ደግሞ ቁልፉን ደብቆታል፦ የድንጋዩን ክዳን ክፈቱ፣ ውስጥ ካሉት ድንጋዮች አጠገብ ትንሽ ቁልፍ አለች፤ መብራቷ ብልጭ ድርግም ማለት እስክትጀምር ያዟት።

እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው አያያዙ ላይ ነው። ሁለት ቁልፍ «አንድ ላይ» ሲባል በተመሳሳይ ቅጽበት መጫን አለባቸው። ተመለስን ግማሽ ሰከንድ ቀድማችሁ ከተጫናችሁ ቦክሱ «ተመለስ» ብቻ ነው የሚሰማው። ሪሞቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና በሁለት አውራ ጣት ተጫኑ። ሰከንዱንም በግምት አትተዉት፤ ቆጠራ ላይ ሁላችንም ችኩል ነን፣ 10 ብለን የቆጠርነው 6 ሆኖ ይገኛል።

የድምፅና የማብሪያ ቁልፉን ለቲቪው ማስተማር

አንድ ሪሞት ብቻ ይዞ መቀመጥ የሚቻለው ይህ ክፍል በትክክል ከተሠራ ነው፤ ስለዚህ ጊዜ ስጡት።

የመጀመሪያው መንገድ የቲቪውን የኢንፍራሬድ ኮድ ማስተማር ነው። በፋየር ቲቪ ሴቲንግ ውስጥ ኢኩዊፕመንት ኮንትሮል የሚል አለ። በጉግል ቲቪ ሴቲንግ፣ ከዚያ ሪሞትስ ኤንድ አክሰሰሪስ፣ ከዚያ የሪሞት ቁልፎችን ማዘጋጃው። በሮኩም ሴቲንግ ውስጥ ሪሞቶች ከሚለው ሥር ሪሞቱን ለቲቪ መቆጣጠሪያ ማዘጋጃ ታገኛላችሁ። ሁሉም አካሄዳቸው አንድ ነው፦ የቲቪውን ስም ትመርጣላችሁ፣ ቦክሱ ሙዚቃ ይለቅቃል፣ የድምፅ ቁልፉን እንድትጫኑ ይነግራችኋል፣ ከዚያ «ድምፁ ተቀየረ?» ብሎ ይጠይቃል። አንድ የቲቪ አምራች ብዙ ኮድ ሊኖረው ስለሚችል ቦክሱ አንድ በአንድ እየሞከረ ነው።

ወጥመዱ ያለው «አዎ» ላይ ነው። አንዳንዱ ኮድ ድምፁን በደንብ ይጨምራል፣ ቲቪውን ግን አያጠፋም፤ ወይም ድምፅ ማጥፊያው አይሠራም። ድምፅ ስለተቀየረ ብቻ ተደስታችሁ አትለፉ። መጨመሪያውን፣ መቀነሻውን፣ ድምፅ ማጥፊያውን፣ ማብሪያውን፣ አራቱንም ሞክሩ። አንዱ ካልሠራ ተመልሳችሁ «አይ» በሉና ቀጣዩን ኮድ ይሞክር።

አፕል ቲቪ ላይ ደግሞ አንድ የምወዳት ነገር አለች። ሴቲንግ ውስጥ ሪሞትስ ኤንድ ዲቫይስስ፣ ከዚያ ቮልዩም ኮንትሮል ስትገቡ አዲስ መሣሪያ መማሪያ አለ። የቲቪውን ወይም የድምፅ ባሩን (ሳውንድባር የሚባለውን፣ ከቲቪው ውጪ ያለ ረጅም ድምፅ ማጉያ) የድሮ ሪሞት ወደ አፕል ቲቪው አዙራችሁ የድምፅ ቁልፉን ትይዙታላችሁ፣ ቦክሱ ኮዱን ከራሱ ከሪሞቱ ይማራል። ስሙ የማይታወቅ የድምፅ ባር ላላችሁ ሰዎች ትልቅ ነገር ነው።

ሁለተኛው መንገድ ሲኢሲ ይባላል። ከኤችዲኤምአይ 19 እግሮች አንዷ፣ 13ኛዋ፣ ሥራዋ መሣሪያዎቹ እርስ በርስ ትእዛዝ እንዲለዋወጡባት ነው። ሲኢሲ ክፍት ከሆነ የቦክሱን ሆም ስትጫኑ ቲቪው ራሱ ይበራል፣ ወደ ትክክለኛው ኤችዲኤምአይም ራሱ ይዞራል። ከሌላው አቅጣጫም ይሠራል፦ የቲቪው የራሱ ሪሞት ቀስቶች ቦክሱን ያንቀሳቅሳሉ። ይህችን ያዙልኝ፣ ሪሞት ሲጠፋ ትጠቅመናለች።

ሰዎች ሲኢሲን የማያገኙት አምራቾቹ በስሙ ስለማይጠሩት ነው። ሳምሰንግ ላይ አኒኔት ፕላስ፣ ኤልጂ ላይ ሲምፕሊንክ፣ ሶኒ ላይ ብራቪያ ሲንክ፣ ፓናሶኒክ ላይ ቪዬራ ሊንክ ብላችሁ ፈልጉት። በቲቪው ሴቲንግም በቦክሱ ሴቲንግም መከፈት አለበት፤ በአንዱ ብቻ ተከፍቶ «አልሠራም» የሚባልበት ጊዜ ብዙ ነው። ጠባዩም ሁሌ ጨዋ አይደለም። ቲቪውን አጥፍታችሁ ስትተኙ ቦክሱ ለማዘመን ነቅቶ ቲቪውንም አብሮ የሚያስነሣበት ቤት አለ። እንዲህ ካስቸገረ ድምፁን በኢንፍራሬድ አድርጋችሁ ሲኢሲን ዝጉት፤ የምታጡት ነገር ብዙ አይደለም።

የድምፅ ባር ላላችሁ አንድ ማስታወሻ፦ የድምፅ ቁልፉ መታዘዝ ያለበት ለባሩ እንጂ ለቲቪው አይደለም። ቲቪውን ካዘዘ ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ ጆሮአችሁ ግን ምንም አይሰማም፤ አንድ ቀን ባሩ ሲነቀል ቲቪው በሙሉ ድምፁ ይጮህባችኋል።

ተጭኖ መያዝ

የሪሞቶቹ ቁልፎች ጥቂት ናቸው፤ አምራቾቹ ያሳነሱት ሌላውን ሥራ ተጭኖ መያዝ ውስጥ ደብቀው ነው። ሳጥኑ ላይም፣ ቁልፉ ላይም አልተጻፈም። ለዓመታት አንድን ሪሞት ይዞ ሆምን አንዴ ከመጫን ሌላ የማያውቅ ሰው ሞልቷል።

ከሆም እንጀምር። ፋየር ቲቪ ላይ ሆምን ለ3 ሰከንድ ያህል ብትይዙ ማስተኛ፣ ስልክን ስክሪን ላይ ማሳያና ሴቲንግ ያሉበት አቋራጭ ይመጣል። ጉግል ቲቪ ላይም ሆምን መያዝ የፈጣን ሴቲንግ ሰሌዳ ይከፍታል። አፕል ቲቪ ላይ የቲቪ ምልክት ያለበትን ቁልፍ መያዝ ኮንትሮል ሴንተርን ያመጣል፤ ሁለቴ ቶሎ ቶሎ መጫን ደግሞ የተከፈቱትን አፖች ሁሉ እንደ ካርታ ደርድሮ ያሳያል። እዚያ የደነዘዘውን አፕ ላይ ሆናችሁ ወደ ላይ ብትጠርጉት ይዘጋል። ቪዲዮ እየዞረ አልከፍት ሲላችሁ ቦክሱን ከመንቀል በፊት ይህን ሞክሩ።

ሮኩ ላይ ምሥጢሩ የኮከብ ምልክት ያላት ቁልፍ ናት። ሆም ላይ ሆናችሁ አንድ አፕ ላይ ስትጫኗት አፑን ማንቀሳቀሻ፣ ማጥፊያና ማዘመኛ መፈተሻ ታመጣለች። ፊልም እየታየ ስትጫኗት ደግሞ የድምፅና የጽሑፍ ትርጉም ምርጫዎች ይከፈታሉ። ለዚህ ሥራ በፋየር ቲቪ ሦስት መስመር ያላት የሜኑ ቁልፍ አለች፤ በጉግል ቲቪ ደግሞ አፑ ላይ ሆኖ የመሀሉን ኦኬ ተጭኖ መያዝ ነው።

ፊልም ውስጥ ወደፊትና ወደኋላ መሄድ የሁሉም ሰው ራስ ምታት ነው። ቀኝ ወይም ግራ ቀስትን አንዴ መጫን በብዙ አፖች 10 ሰከንድ ያዘልላል፤ ስትይዙት ይፈጥናል፣ በያዛችሁት ቁጥርም ይብስበታል። የምትፈልጉትን ቦታ እያለፋችሁ ወዲያ ወዲህ ስትመላለሱ ከምታመሹ፣ ያዙና የምትፈልጉበት አካባቢ ስትደርሱ ልቀቁት፤ የቀረችውን አንድ አንድ እየጫናችሁ ድረሱባት። እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ የወጡት የአፕል ቲቪ ሪሞቶች ለዚህ የተሻለ ነገር አላቸው። ፊልሙን አቁሙ፣ አውራ ጣታችሁን ክቡ ቁልፍ ጠርዝ ላይ ሳትጫኑ አሳርፉ፣ ከዚያ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ዙሪያውን አዙሩት። ቀስ ብላችሁ ስታዞሩ ምስሉ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ አንዴ የለመደ ሰው ቀስት አይነካም። አልሠራ ካለ ሁለት ነገር ነው፦ ወይ ፊልሙን አላቆማችሁም፣ ወይ ጣታችሁ ጠርዙ ላይ ሳትሆን መሀሉ ላይ ናት።

«ምን አለ?» ለሚባልበት ቅጽበትም መላ አለ። ሮኩ ላይ ወደኋላ የተጠመዘዘ ቀስት ያላት የድጋሚ ማሳያ ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ትመልሳለች። አፕል ቲቪ ላይ የሲሪን (በድምፅ የሚታዘዘውን የአፕል ረዳት) ቁልፍ ይዛችሁ በእንግሊዝኛ «ምን አለች?» ብላችሁ ብትጠይቁ ትንሽ ወደኋላ ይመልስና ለአጭር ጊዜ የጽሑፍ ትርጉሙን አብርቶ እንደገና ያጠፋዋል።

ማይኩ

የማይክ ቁልፍ ተጭነው ለቀው ከዚያ የሚያወሩ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ «አይሰማኝም» የሚሉትም እነሱ ናቸው። እንደ ወታደር ሬዲዮ አስቡት፦ ያዙ፣ ተናገሩ፣ ስትጨርሱ ልቀቁ። ማይኩ ያለው ቁልፉ ላይ ሳይሆን ከሪሞቱ አናት አካባቢ ባለችው የመርፌ ቀዳዳ ውስጥ ነው። ጣታችሁ እንዳይሸፍናት፣ አቧራም እንዳይደፍናት። መጮህ አያስፈልግም፤ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ሆናችሁ በተለመደ ድምፅ ይበቃል።

የፋየር ቲቪ ረዳት አሌክሳና የአፕሉ ሲሪ አማርኛ አይሰሙም፤ ስለዚህ ትእዛዙን ቦክሱ በተዘጋጀበት ቋንቋ ነው የምታወሩት። የአማርኛ ርዕስ ለመፈለግ ከስልክ አፕ መጻፍ ይቀላል። እንዲያውም ኢሜይልና የይለፍ ቃል በቀስት ፊደል በፊደል መልቀም ለማንም አልመክርም። የሮኩ፣ የፋየር ቲቪና የጉግል ቲቪ አፕ በስልካችሁ ላይ ኪቦርድ ይከፍቱላችኋል፤ በአይፎን ደግሞ አፕል ቲቪው መጻፊያ ሲከፍት ስልኩ ላይ ማሳወቂያ ብቅ ይላል፣ እዚያው ትጽፉታላችሁ።

የኔትፍሊክስና የመሳሰሉት ስም የተጻፈባቸው ቁልፎች በአብዛኛው አይቀየሩም፤ ኩባንያዎቹ ቦታውን የያዙት ስለከፈሉበት ነው። ለራሳችሁ የሚሆን ቁልፍ ያላቸው ጥቂቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የጉግል ቲቪ ስትሪመር ሪሞት አንዲት ኮከብ ቁልፍ አለችው፣ የፈለጋችሁትን አፕ ትሰጧታላችሁ። የመጀመሪያው የሮኩ ቮይስ ሪሞት ፕሮ እትም 1 እና 2 የተጻፈባቸው ቁልፎች አሉት፦ አንድ ትእዛዝ በድምፅ ትሰጣላችሁ፣ ወዲያው ከቁልፎቹ አንዱን ድምፅ እስኪያሰማ ትይዙታላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ያ ቁልፍ ያንን ትእዛዝ ይደግመዋል።

እምቢ ሲል

ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ነው የሚሄደው።

ድንጋዩ ይቀድማል። ሪሞት ውስጥ ያሉ ትሪፕል ኤ ድንጋዮች ሁለቱም አንድ ላይ መቀየር አለባቸው፤ አሮጌና አዲስ ማጋባት አዲሱን ከመግደል በቀር ጥቅም የለውም። ቻርጅ የሚደረጉት ኒኬል ድንጋዮች 1.2 ቮልት ሲሆኑ አልካላይኑ 1.5 ነው፤ በአንዳንድ ሪሞት ላይ ገና ሙሉ እያሉ «ድንጋይ አልቋል» የሚል ማስጠንቀቂያ የሚመጣው ከዚህ የተነሣ ነው። ድንጋዩን አውጥታችሁ ሁሉንም ቁልፍ ለግማሽ ደቂቃ ያህል እየተጫናችሁ ቆዩ፣ ውስጥ የቀረችው ኤሌክትሪክ ትለቅቃለች፤ ከዚያ መልሱት። የደነዘዘ ሪሞት በዚህ ብቻ ሲነቃ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ክዳኑን ስትከፍቱ ነጭ ዱቄት ካያችሁ ድንጋዩ ፈሷል። ጓንት አድርጉ፣ ድንጋዩን አውጡ፣ የጆሮ ጥጥ በኮምጣጤ ወይም በሎሚ ጭማቂ ነክራችሁ ብረቶቹን ጥረጉ፣ በደረቅ ጥጥ አድርቁ፣ በደንብ ሳይደርቅ አዲስ ድንጋይ አታስገቡ። ብረቱ ካልተበላ ይድናል።

ቀጥሎ ቦክሱ። ሪሞቱ ሳይሆን ቦክሱ ደርቆ ሊሆን ይችላል። ከኃይል ነቅላችሁ አንድ ደቂቃ ጠብቁና ሰኩት። ለመንቀል የማይመች ቦታ ላይ ከሆነ ከሪሞቱም ይቻላል፦ በፋየር ቲቪ የመሀሉን ቁልፍና ማጫወቻውን አንድ ላይ 5 ሰከንድ፤ በአፕል ቲቪ ተመለስንና የቲቪ ምልክቱን የቦክሱ መብራት ቶሎ ቶሎ ብልጭ እስኪል። ሮኩ ላይ ያለው እንደ ድሮ ቪዲዮ ጌም ኮድ ነው፦ ሆም 5 ጊዜ፣ ወደ ላይ 1፣ ወደኋላ ማጠንጠኛ (ሪዋይንድ) 2፣ ወደፊት ማጠንጠኛ (ፋስት ፎርዋርድ) 2፤ ከዚያ ትንሽ ጠብቁት። ግን ልብ በሉ፣ በፋየር ቲቪ ተመለስንና ቀኝ ቀስትን አንድ ላይ 10 ሰከንድ መያዝ ሁሉን አጥፍቶ እንደ አዲስ ወደሚጀምርበት ይወስዳል። ሪሞት ሲቀጠቅጥ የሚያመሽ ሕፃን ያለበት ቤት ይህን ማወቅ አለበት።

አሁንም ካልሆነ እንደገና አጣምሩ። የፋየር ቲቪ ሪሞት ጭራሽ አልጣመር ካለ ራሱን ሪሞቱን ማጽዳት ይቻላል፦ ቦክሱን ንቀሉ፤ ግራ ቀስትን፣ ሜኑንና ተመለስን ሦስቱን አንድ ላይ 12 ሰከንድ ያዙ፤ ለቅቃችሁ 5 ሰከንድ ቆዩ፤ ድንጋዩን አውጡ፤ ቦክሱን ሰክታችሁ 60 ሰከንድ ጠብቁ፤ ድንጋዩን መልሱና ሆምን ተጫኑ። የአፕል ቲቪን ሪሞት ለማስነሣት የቲቪ ምልክቱንና ድምፅ መቀነሻውን አንድ ላይ 5 ሰከንድ ያህል መያዝ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ግንኙነት ተቋርጧል ካለ በኋላ ራሱ ይመለሳል።

ሪሞቱ ይሠራል፣ ግን ይዘገያል ወይም ይዘላል? ይህ ብዙውን ጊዜ የቦታ ችግር ነው። ስቲክ (እንደ ፍላሽ ቲቪው ላይ የሚሰካው ትንሹ ቦክስ) ቀጥታ ቲቪው ጀርባ ላይ ሲሰካ በብረትና በኤሌክትሮኒክስ ይከበባል። ብሉቱዝ የሚሠራበት 2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይም የሚጋፋበት ሰፈር ነው፤ አጠገቡ የተሰካ ዩኤስቢ 3.0 ሃርድ ዲስክም በዚያው ሰፈር ይረብሻል። ከስቲኩ ጋር የሚመጣውን አጭር የኤችዲኤምአይ ማራዘሚያ ብዙ ሰው ይጥለዋል፤ እሱ ስቲኩን ከቲቪው ጥላ ትንሽ ማውጣቱ ብቻ ለውጥ ያመጣል።

ስክሪኑ ራሱ እየተንሸራተተ፣ ማንም ሳይነካው ምርጫው ወደ ታች የሚነጉድ ከሆነ ደግሞ መንፈስ አይደለም። የተጣበቀ ቁልፍ ወይም ትራስ የተጫነው ሪሞት ነው። ድንጋዩን አውጡ፤ መንጎዱ ካቆመ ጥፋተኛው ተገኘ። 70 በመቶ አልኮል በጥቂቱ የነካ ጨርቅ ይዛችሁ የቁልፎቹን ዙሪያ ጥረጉ፤ ፈሳሹን በቀጥታ አታፍስሱበት።

ሲጠፋ

ፈላጊ ያላቸው ሪሞቶች አሉ። የጉግል ቲቪ ስትሪመር ጀርባ ላይ ያለችውን ቁልፍ ስትጫኑ ሪሞቱ ይጮሃል። አንዳንድ የሮኩ አልትራ ሞዴሎችም ቦክሱ ላይ እንዲህ ያለ ቁልፍ አላቸው። አፕል ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ፣ አፕል ቲቪው ከታደሰ፣ በአይፎን ኮንትሮል ሴንተር ያለው ሪሞት አዲሶቹን ሪሞቶች እንዲፈልግ አድርጓል፤ ድምፅ አያሰማም፣ ስትቀርቡ ስልኩ ስክሪን ላይ ያለው ክብ እየሰፋ ይሄዳል።

ፈላጊ ከሌለው ስልካችሁ ይተካዋል፤ ስልኩና ቦክሱ አንድ ዋይፋይ ላይ ይሁኑ እንጂ። ከባዱ ሁኔታ ይህ ነው፦ ቤት ቀይራችሁ ወይም የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ለውጣችሁ፣ ሪሞቱም ጠፍቷል። ቦክሱ አዲሱን ኔትወርክ አያውቅም፣ እንድታሳውቁት ሪሞት የለም፣ የስልኩ አፕ ደግሞ ያለ ኔትወርክ አያገኘውም። መውጫው ቦክሱን ማታለል ነው። የአንድ ስልክ ሆትስፖት ክፈቱና ስሙንና የይለፍ ቃሉን ልክ እንደ ድሮው ዋይፋይ አድርጉት፣ ትልቅና ትንሽ ፊደል ሳይቀር። ቦክሱ የድሮ ቤቱ የደረሰ መስሎት ይገናኛል። በሁለተኛ ስልክ እዚያው ሆትስፖት ላይ ግቡ፣ አፑን ክፈቱ፣ ከዚያ ወደ ሴቲንግ ገብታችሁ አዲሱን ዋይፋይ ስጡት። ሆትስፖቱ 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ይሁን፤ አሮጌ ቦክሶች ሌላውን፣ የ5 ጊጋኸርዙን፣ አያዩም። ሁለተኛ ስልክ ከሌላችሁ ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁን ሲኢሲ ሞክሩ፦ የቲቪው ሪሞት ቀስቶች ቦክሱን ካንቀሳቀሱ ያለ አንዳች ጣጣ ትገባላችሁ።

አዲስ ስትገዙ የሞዴሉን ስም አመሳክሩ። ኢንፍራሬድ ብቻ የሆነ ሪሞት በሬዲዮ ብቻ ለሚሰማ ስቲክ አይሆንም፤ ምስሉ ቢመሳሰልም አይናገሩም። አዲሱን ካጣመራችሁ በኋላ የጠፋው ከሶፋው ሥር ብቅ ካለ ሴቲንግ ውስጥ ከሪሞቶች ዝርዝር አውጡት፣ ድንጋዩንም አውጥታችሁ መሳቢያ ውስጥ ክተቱት። ከነድንጋዩ ካስቀመጣችሁት መሳቢያው በተዘጋ ቁጥር አንድ ነገር ይጫነዋል፤ ፊልሙ መሀል ላይ ለምን እንደቆመም ስትፈልጉ ታመሻላችሁ።